ሁለት ሰሌን በላም ጀርባ

ጀልባዋ ከዳር ስትለቅ እየሩስ ዓይኗን ጨፍና የባሏን ክንድ በሁለት እጇ ጨመደደች። ጥፍሯ በሸሚዙ እጅጌ አልፎ ተሰማው። ዘመነ ግን አላመመውም፤ እንዲያውም ጀልባዋ ትንሽ ብትወዛወዝ ብሎ ተመኘ። ከጥምቀት ማግስት ወዲህ ሚስቱ እንዲህ አጥብቃ ይዛው አታውቅም።

«ዓይንሽን ግለጪ እንጂ፤ ከሥርሽ ምንም የለም» አላት።

«እኔስ የፈራሁት እሱን አይደለም እንዴ? ከሥሬ ምንም አለመኖሩን!»

ሞተሩን የያዙት አያ ቅጣው ከት ብለው ሳቁ። የአበርገሌ ሰው ናቸው። ፍየል ሲያግዱ ያደጉበትን ሸለቆ የተከዜ ግድብ ውኃ ሲውጠው ፍየሎቻቸውን ሸጠው መረብ ገዙ። አሁን ከሚስታቸው ከእትዬ ባንቺ ጋር ዓሣ እያሠገሩ የሚኖሩት፣ ድሮ የተራራ ጫፍ በነበረ፣ ዛሬ ግን ዙሪያውን ውኃ በከበበው ጉብታ ላይ ነው። ዓሣ አሥጋሪዎቹ የላም ጀርባ ይሉታል። ከሩቅ ሲያዩት ውኃ ልትጠጣ የተንበረከከች ላም ይመስላል።

«አይዞሽ ሙሽራዬ» አሉ አያ ቅጣው። «ከሥርሽማ የወንድሜ የማሽላ ማሳ አለ። ብትወድቂም የምትወድቂው ዘመድ ማሳ ላይ ነው።»

«ሙሽራ መባሉስ ቀረብን አያ ቅጣው፤ ዓመት ሞላን እኮ» አላቸው ዘመነ።

«በእኛ በቆላው፣ እስኪወልዱ ድረስ ሙሽሮች ናቸው።»

እየሩስ ዓይኗን ገለጠች። እጇንም ከዘመነ ክንድ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳችና ነጠላዋን አስተካከለች። ውኃው ያው ነው፣ ጀልባዋም ያው ናት። ዘመነን ግን በረደው።

ይህችን ጉዞ የተመኛት ገና ሳያገባ ነበር። ኬራላ በሚባለው የህንድ አገር የውኃ ምህንድስና ሲማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንዙ ዳር ቆሞ አዲስ ተጋቢዎች በጀልባ ተሳፍረው ኮኮናት ወደሞላባቸው ትንንሽ ደሴቶች ሲሻገሩ ያይ ነበር። ሴቶቹ ፀጉራቸው ላይ ነጭ አበባ ይሰካሉ፤ ባሎቻቸው ጃንጥላ ይይዙላቸዋል። ያኔ ሰቆጣ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ስልክ የለም፤ መንገድ የለም። የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ልጅ እየሩስ የጻፈችለት አንዲት ደብዳቤ በእግረኛ ነጋዴ እጅ ወልድያ ደርሳ፣ እዚያ ፎቶ ተነስታ ነው በስልኩ የገባችለት። «ሁላችንም አለን። አንተ ትምህርትህን ጨርስ። እኔ የትም አልሄድም» ትላለች። ዘመነ ያቺን ፎቶ እያየ፣ አንድ ቀን አንቺንም ደሴት እወስድሻለሁ ሲል ለራሱ ማለ።

ተመለሰ፤ ሽማግሌም ላከ። እሾሁ የተሰካው እዚህ ላይ ነው።

ዘመነ የፍየል አርቢ ልጅ ነው። ሰቆጣ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ከመሪጌታ ግቢ አጥር ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ የማሽላ ስንቁን ከቆላ በጀርባው እየተሸከመ ነው የተማረው። የእየሩስ ቤት ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የቅኔና የዜማ ቤት ነው። መሪጌታ ሽማግሌዎቹን አክብረው ተቀበሏቸው፤ ልጃቸውንም አልከለከሉም። የሰጡት ግን በሰማንያ ነው። «የቁርባኑን ነገር ጊዜ ያመጣዋል» አሉ። የእየሩስ ታላላቅ እህቶች ሁለቱም አክሊል ደፍተው፣ ከባሎቻቸው ጋር ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ነው ከዚያ ቤት የወጡት። ሰማንያ ይፈርሳል፤ ቁርባን አይፈርስም። ዘመነ ነገሩን የተረዳው እንዲህ ብሎ ነው፦ ሽማግሌው ለልጃቸው የመመለሻ በር ትተውላታል። የቆላውን ልጅ ትሞክረው፤ ካልሆነላት ትመለስ።

ዓመቱን ሙሉ ያን በር ሳያይ አንድ ቀን አላደረም። አሁን ደግሞ የተከፈተ መሰለው። ጥምቀት ካለፈ ወዲህ እየሩስ መኝታዋን ለየች። «ይሞቀኛል» አለችው፤ በሰቆጣ ብርድ፣ በጥር! አብራው ቁርስ መቅመስም ተወች። ቀን ቀን ግን ያቺው እየሩስ ናት። ትስቃለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ የአንደኛ ክፍሎቿን ጉድ ታወራዋለች። ሲመሽ ትርቃለች። በዚሁ መሀል ኬራላ ያስተማሩት መምህር ደወሉ። ሥራ አለ፤ ትመጣለህ ወይስ ለሌላ ሰው ልስጠው? አሉት። ከዚህ ጉዞ እንደተመለሰ መልስ ሊሰጣቸው ቃል ገባ።

ስለዚህ የመንፈቀ ዓመቱን የትምህርት እረፍት ጠብቆ ሚስቱን ወደ ላም ጀርባ ሲወስዳት ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። አንድ ነገር ሊጠይቃት ነው፦ ከእኔ ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም? አልፈልግም ካለችው ይሄዳል። መሄድ እንደሆነ ያውቅበታል።

*

ላም ጀርባ ላይ ያለው ሁሉ ትንሽ ነው። ሁለት የሣር ጎጆ፣ መረብ የሚሰጣበት እንጨት፣ አንድ አሮጌ የሮቃ ዛፍ፣ ጥቂት የኩርኩራ ቁጥቋጦ፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ውኃ። ሙቀቱ ብቻ ነው ትልቁ። እየሩስ ጫማዋን አውልቃ አሸዋውን ስትረግጥ እንደ ፍየል ግልገል ዘለለች።

«ኧረ ይኸ መሬት ትኩሳት ይዞታል!»

እትዬ ባንቺ ከጎጆው ወጥተው ጉንጯን ደጋግመው ሳሟት፤ ከዚያ ወደ ዘመነ ዞረው በኽምጣንጋ ብዙ ተናገሩ። እየሩስ የባሏን የእናት ቋንቋ ጥቂት ጥቂት ትሰማለች እንጂ በፍጥነቱ አልደረሰችበትም።

«ምን አሉህ?»

«ቆንጆ ናት አሉ።»

«ያን ሁሉ አውርተው ቆንጆ ናት ብቻ?»

«ከስታለችም አሉ።»

እየሩስ ሳቀችና ፊቷን አዞረች። በእርግጥም ከስታ ነበር።

ፀሐይ በረድ ስትል ቀሚሷን እንደለበሰች ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብታ ቆመች። ዘመነ ሊለምናት ነበር ያሰበው፤ እሷ ግን ቀደመችው።

«በል አስተምረኝ።»

«በጀርባሽ ተኚ።»

«ውኃ ላይ?»

«ውኃ ላይ።»

«አንተ ሰው፣ ህንድ ያስተማሩህ ይኸን ነው? ለዚህ ነው ያን ያህል ዓመት የቆየኸው?»

«ለዚህ ነው። ነይ አሁን፣ አንገትሽን ላላ አድርጊው።»

አንድ እጁን ከማጅራቷ ሥር፣ አንዱን ከወገቧ ሥር አድርጎ አስተኛት። መጀመሪያ እንደ ጣውላ ደረቀች። ውኃ ጠጣች፣ ተነሳች፣ ሳለች፣ «ልትገድለኝ ነው ያመጣኸኝ» አለች፣ እንደገና ተኛች። ከዚያ በዝግታ፣ ቋጠሮ እንደሚፈታ፣ ሰውነቷ ሁሉ ላላ። ቀሚሷ ዙሪያዋን ተንሳፈፈ። ዘመነ የወገቧን እጅ መለሰ፤ ቆይቶም የማጅራቷን። አልሰጠመችም።

«ዘመነ» አለች ሰማዩን እያየች፤ «ጆሮዬ ውኃ ውስጥ ሲገባ የራሴን ልብ ሰማሁት።»

«ምን አለሽ?»

ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። ሽፋሽፍቷ ላይ ውኃ ተንጠልጥሏል። ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር መጥቶ ደጃፍ ላይ የቆመ ይመስል ነበር። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተወችው።

«ገና ነው አለኝ» አለችና ተነስታ ወደ ዳር ወጣች።

ዘመነ ውኃው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ገና ነው። ምኑ ነው ገና? ሊጠይቃት ያዘጋጀውን ሳይጠይቅ እሱም ወደ ዳር ወጣ።

እራቱን ራሱ ሊሠራ ተነሳ። አያ ቅጣው ያወጡትን ቆሮሶ ዓሣ ጠርጎ፣ የሮቃውን ኮምጣጣ ፍሬ በውኃ አሽቶ፣ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ለወሰው፤ ኬራላ እንዲህ ይሠሩታል። እትዬ ባንቺ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው አዩት። «ወንድ ልጅ ዓሣ ሲያቆላምጥ ዛሬ ገና አየሁ!» አሉ። ጠብሶ ሲያወጣው ሽታው ደሴቷን ሞላት። ዘመነ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ ሚስቱ አፍ አቀረበ።

እየሩስ ጉርሻውን አየችው። ከዚያ እሱን። አፏን አልከፈተችም።

«አንተ ብላ። እኔ አሁን አልበላም።»

«ሰኞ እኮ ነው፤ ጾም አይደለም።»

«አውቃለሁ። ሆዴ እሺ አላለኝም።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀዘቀዘ። እዚህ አገር ሰው የዘረጋልህን ጉርሻ ከመመለስ የባሰ ነገር ጥቂት ነው፤ ባል የዘረጋውን ደግሞ በሰው ፊት። አያ ቅጣው ጎንበስ ብለው የመረባቸውን ቀዳዳ መፈለግ ጀመሩ። እየሩስ ከቦርሳዋ በሶ አውጥታ በውኃ በጠበጠችና አንገቷን ደፍታ ጠጣች። ዘመነ ዓሣውን በላ። ጣዕሙን ግን ቢጠይቁት አያውቅም።

ድስት ሲያጥቡ እትዬ ባንቺ ወደ ጆሮው ተጠጉ።

«ልጄ፣ ዓሣው ሸተታት አይደል? ፊቷም ከስቷል። እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ ይኸን ነገር አውቀዋለሁ። እንኳን ደስ ያለህ!»

ዘመነ እንዴት አላሰበውም? መኝታ መለየቷ፣ ቁርስ መጥላቷ… ሮጦ ሊሄድ ቃጣው፤ ግን በቀስታ ሄደ። እየሩስ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውኃው ውስጥ አድርጋለች።

«እየሩስዬ፣ አርግዘሽ ነው እንዴ?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አይደለም» አለች። «ቢሆን ኖሮማ እነግርህ ነበር።»

«እና ምንድን ነው ታዲያ?» ሊላት ነበር፤ ተወው።

እየሩስ እግሯን ከውኃው አወጣች። ሊጠይቃት የመጣበትን ጥያቄ አሁን መጠየቅ ነበረበት። ግን እንባዋን አይቶ፣ መልሱን ያወቀ መሰለውና ፈራ።

ፀሐይዋ ስትገባ እትዬ ባንቺ ለእንግዶቻቸው ብለው ያስቀመጡትን ሰፊ ሰሌን ከጎጆዋ ደጃፍ ዘረጉ። ለሁለት ሰው የተሠራ፣ ዳር ዳሩ በቀይ የተጠለፈ አዲስ ሰሌን ነው። እየሩስ አመስግና ተቀበለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሁሉም በሰማው ድምፅ፣ እንዲህ አለች።

«እትዬ ባንቺ፣ ሌላ ሰሌን አይኖርዎትም?»

ሴትየዋ ወደ ዘመነ አዩ። አያ ቅጣውም አዩት። በዚያ እይታ ውስጥ ነቀፋ ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ሐዘኔታ ነው የነበረው። የገዛ ወገኖቹ፣ የቆላ ሰዎቹ፣ ከሰቆጣ መሪጌታ ልጅ ጎን መተኛት የማይገባው ሰው አድርገው አዩት። ሁለተኛው ሰሌን መጣ፤ ያረጀ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ነው። ዘመነ አሮጌውን ለራሱ ወሰደና ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ተጋደመ።

*

ሊነጋጋ ሲል ሲነቃ አዲሱ ሰሌን ባዶ ነበር።

ከሮቃው ጀርባ አገኛት። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ትሰግዳለች። ግንባሯ አሸዋውን ይነካል፤ ትነሳለች፤ ታማትባለች፤ እንደገና ትወድቃለች። ድምፅ የለም። ትንፋሿና የቀሚሷ ኮሽታ ብቻ ነው የሚሰማው።

ዘመነ ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ ቆይቷል። ቢሆንም ይኸ የዘወትር ጸሎት እንዳልሆነ አልጠፋውም። ቀኖና ነው። የንስሐ አባት በኑዛዜ የሚሰጡት፣ ለማንም የማይነገር ቀኖና። የተለየው መኝታ፣ የተተወው ቁርስ፣ ዓሣው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ። እፎይ ሊል ሲል ግን ከፊተኛው የባሰ ሐሳብ መጣበት። ሰው ንስሐ የሚገባው በበደለው ነው። እየሩስ ምን በድላለች? ዓመቱን በሙሉ ያደረገችው ነገር ቢኖር ከእሱ ጋር መኖር ነው።

«በደልሽ እኔ ነኝ?» አላት።

ደንግጣ ዞረች። ግንባሯ ላይ አሸዋ ተጣብቋል።

«መቼ መጣህ?»

«መልሺልኝ። እኔን በማግባትሽ ነው የምትሰግጂው?»

«ቀኖና አይጠየቅም፤ ታውቃለህ።»

«ባልም አይጠይቅ? ማታ በሰው ፊት ሰሌን የተለየበት ባል እንኳ አይጠይቅ? እኔ እንደሆንኩ ዓመቱን ሙሉ ሳውቀው ኖሬያለሁ። አባትሽ በር ትተውልሻል። በይ ውጪ። ስግደትሽን ጨርሺና ውጪ። እኔም መሄጃ አላጣሁም። ከኬራላ ሥራ ሰጥተውኛል፤ መልስ ይጠብቃሉ። እኔ ሞኙ ደግሞ መልሱን ከአንቺ ስጠብቅ ነበር!»

እየሩስ ከሮቃው ሥር ላይ ቁጭ አለች።

«ኬራላ» አለች። «መቼ ነው የደወሉልህ?»

«ከጥምቀት በኋላ።»

«ከጥምቀት በኋላ…» ራሷን ነቀነቀች። «አየህ ጉዳችንን! አንድ ቤት ውስጥ ሆነን፣ አንተ መሄጃህን ይዘህ ስታድር፣ እኔ መምጫህን ይዤ አድራለሁ።»

«የምን መምጫ?»

«ጥምቀት ሲቃረብ አባቴን ጠየቅሁት። ዓመት ሊሞላን ነው፤ ቁርባናችን መቼ ነው? አልሁት። ምን አለኝ መሰለህ?»

«ከቆላ ልጅ ጋር አላቆርብሽም።»

«አፍህን ያዝ!» አለች። እንዲህ ስትቆጣ አይቷት አያውቅም። «አባቴን እንዲህ አድርገህ ነው ዓመቱን ሙሉ የበላኸው? ስማኝ። ያለኝ እንዲህ ነው። ‹ልጄ፣ ቁርባን አይለመንም፤ አይገደድም። የእህቶችሽ ባሎች ራሳቸው እግሬ ሥር መጥተው አቁርቡን አሉኝ። ዘመነ ልጅዎን ይስጡኝ አለ እንጂ አቁርቡኝ አላለም። ያላለውን በግድ ባጎርሰው ኃጢአቱ የእኔ ነው። እሱ እስኪመጣ በሩን ክፍት አድርጌለታለሁ።› ዘመነ፣ በሩን ለእኔ መመለሻ አይደለም የተወው። ለአንተ መግቢያ ነው።»

ዘመነ ያን በር ስንት ጊዜ በሐሳቡ ሲያየው ኖሯል። ሁልጊዜ የሚያየው ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ነበር። ሽማግሌው እንዲጋብዙት ሲጠብቅ፣ ሽማግሌው ደግሞ እንዲመጣ ሲጠብቁ ዓመቱ አለቀ።

«እና ለምን አልነገርሽኝም?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«የንስሐ አባቴ መምሬ ኪዳኑ ዘንድ ገብቼ ተናዘዝኩ። ‹አንቺ ተዘጋጂ፤ እሱን ግን አትጎትቺው። ብትነግሪው ለአንቺ ብሎ ይመጣል፤ ወደ ቁርባን ግን ለሰው ተብሎ አይመጣም› አሉኝ። እኔም እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። በየማታው። መኝታዬን ስለይ ለምን? ብትለኝ ኖሮ ሁሉንም ትቼ አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ አለቅስልህ ነበር። አንተ ግን…» ሳቅ ከእንባዋ ጋር ተቀላቀለባት፤ «ይሞቀኛል ስልህ ተነስተህ መስኮት ከፈትህልኝ! በጥር! እስኪነጋ ስንቀጠቀጥ አደርኩ።»

«ይሞቀኛል ብለሽኝ…»

«ብዬህ! ሰቆጣ ማን ሞቆት ያውቃል?»

ዘመነ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እየሩስ ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መለሰችው። ከመለሰችው እጅ ውስጥ የነበረውን ፍቅር አሁን ገና አየው። ማታ ማታ ከእሱ ስትርቅ፣ ወደ እሱ እየመጣች ነበር።

«አንድ ነገር አለ» አላት ቆይቶ። አጠገቧ፣ ግን ክንድ ያህል ርቆ፣ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «እኔ እንደ አባትሽ አላምንም እየሩስ። አንዳንድ ቀን አምናለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቅዳሴ ላይ ቆሜ የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል። ከሄድኩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ይኸን ይዤ አፌን እንዴት እከፍታለሁ? ዋሽቼ ብቆርብ፣ አንቺን ዕድሜ ልክሽን ከውሸታም ጋር ማሰሬ ነው። ከዚያ በኋላ መውጫ የለሽም።»

«መውጫ ማን ለመነህ?»

«አሁን እንዲህ ትያለሽ…»

«አሁንም ወደፊትም እላለሁ። አላውቅም የምትለውን ለመምሬ ኪዳኑ አላውቅም በላቸው። ኑዛዜ ለዚያ አይደለም እንዴ? የጠራለት ሰውማ ምን ይናዘዛል? እኔ እንድታምንልኝ አልጠየቅሁህም። መጠራጠር ካለብህም ከእኔ ጋር ሆነህ ተጠራጠር። ተነስቶ የሚሄደውን እግርህን ብቻ አሳርፍልኝ።»

ውኃው ላይ ብርሃን ወጣ። እየሩስም አላስቸኮለችውም። ግንባሯ ላይ ያለውን አሸዋ ሳትጠርግ ተነሳችና የቀራትን ስግደት ቀጠለች። እሱም አልሄደም። ጀርባውን ለሮቃው ሰጥቶ እስክትጨርስ ጠበቃት፤ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ሲፈርስና ሌላ ነገር ቦታውን ሲይዝ እየሰማ።

*

ሲመለሱ እየሩስ ዓይኗን አልጨፈነችም። ከፊት ተቀምጣ ጣቶቿን ውኃው ላይ ትጎትታለች። ዘመነ ከኋላ፣ ከአያ ቅጣው አጠገብ ነው። እትዬ ባንቺ ሲሰነባበቱ እየሩስን ሳሟትና «እግዜር ይፍታልሽ» አሏት፤ ሰሌኖቹንም ዓሣውንም በሴት ዓይን እንደገና አስበውት፣ ሳይነገራቸው ደርሰውበታል።

የሐይቁ መሀል ሲደርሱ ዘመነ የሽማግሌውን ክንድ ነካ አደረገ።

«አያ ቅጣው፣ እባክዎ ሞተሩን ያጥፉት።»

«ምነው? አሞህ ነው?»

«የምናገረው አለኝ። በጩኸት አይሆንም።»

ሞተሩ ጠፋ። ዝምታው ከየተራራው የተመለሰ ይመስል ጀልባዋን ከበባት። እየሩስ ዞራ አየችው። አያ ቅጣው በድንገት የጀልባዋን ጠርዝ መመርመር ጀመሩ።

«እየሩስ» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። «ዳር እንደደረስን ኬራላ ላሉት መምህሬ እደውላለሁ። ቦታውን ለሌላ ሰው ይስጡት እላቸዋለሁ። ሰቆጣ ስንገባ ደግሞ መምሬ ኪዳኑ ዘንድ እሄዳለሁ። የማምነውንም፣ የማላምነውንም፣ በአባትሽ የተቀየምኩትንም ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ከባድ ቀኖና ይሰጡኝ ይሆናል። የአንቺ ሲያልቅ የእኔ ገና ይሆናል።»

«እጠብቃለሁ።»

«ላይጠራልኝም ይችላል። ሽማግሌ እስክሆን…»

«እጠብቃለሁ አልኩህ።»

«ከዚያ አባትሽ እግር ላይ ወድቄ እለምናቸዋለሁ…»

«አይለመንም ብዬሃለሁ!»

«እሺ፣ እጠይቃቸዋለሁ። አቁርቡን እላቸዋለሁ። እኔ ራሴ።»

እየሩስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዘመነ ከመቀመጫው ብድግ ሲል ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አጋደለች።

«ቁጭ በል አንተ!» ጮኹ አያ ቅጣው፤ «ሳትቆርብ ልትሰጥም ነው!»

ቁጭ አለ። «እያለቀስሽ ነው ወይስ እየሳቅሽ?» አላት ከተቀመጠበት።

«ዝም በለኝ» አለች ከነጠላዋ ውስጥ፤ «ሁለቱንም ነው።»

«ጨረሳችሁ?» አሉ አያ ቅጣው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ነፋሱ ወደ ድንጋዩ እየወሰደን ነው።»

ሞተሩ ተነሳና ሐይቁን በጩኸት ሞላው። እየሩስ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። እርጥብ ዓይኗን ባሏ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ረጅም ነገር ተናገረች። ዘመነ አንዲት ቃል አልደረሰችውም። ድገሚልኝ አላላትም፤ ሞተሩንም ያጥፉት አላለም። ለመስማቱ ዕድሜ ልኩን ጊዜ ነበረው።